የጋሽ ብረቱ አጥንት

ሰዓት ሠሪውን ከክፍላቸው ደረጃ ግርጌ ያገኘቻቸው ምራታቸው ናት። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል፣ የሰፋችውን የተማሪ ልብስ ለደንበኛ አስረክባ፣ ትንሿን ልጇን በእጇ ይዛ ግቢው ውስጥ ስትገባ በጀርባቸው ተንጋለው አየቻቸው። የጫማቸው ክር ጥብቅ ብሎ ታስሯል፤ ዓይናቸው ሰማዩ ላይ ፈጧል። መጀመሪያ የሸፈነችው የልጇን ዓይን ነው። ጩኸቱ ከዚያ በኋላ መጣ።

ሳምንት ሳይሞላ ገዳይ የተባለችውም እሷው ናት።

«ነገሩ አልቋል» አላት የምርመራ ክፍሉ አለቃ ለመርማሪዋ። «የጭን አጥንቱ ከዳሌው ሥር ተሰብሯል፤ ጭኑ በሙሉ በልዟል። ከሦስት ደረጃ ወድቆ እንዲህ አይሆንም ብሏል ሐኪሙ። ሰውየው ደግሞ አጥንቱ በመሣሪያ ተለክቶ ከጎረምሳ ይበልጣል የተባለለት ነው። ስለዚህ ተደብድቧል። በሞተበት ቀን ጠዋት ምራቱ በሩ ላይ ክንዱን ይዛ ስትጎትተው፣ እሱም መቃኑን ሙጭጭ ብሎ ይዞ ሲታገላት ጎረቤት አይቷል።»

«ለምን ጎተተችው?»

«እሱን አንቺ ጠይቂ። ነገ ትያዛለች።»

«ትንሽ ልጅ አለቻት አሉ።»

«ልጅ ያላት ሰው አትገድልም?»

«ትገድላለች። ልጅቷ ማን ጋ ልታድር ነው ብዬ ነው።»

መርማሪዋን የሥራ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ሁሉን ታሳልፋለች፣ ጠጠሩ ግን እሷ ጋ ይቀራል። ወደ ሟች ቤት ከመሄዷ በፊት ዕቃ ክፍል ገብታ የሰውየውን ልብስና ጫማ አንድ በአንድ ዳበሰች። ከግራው ጫማ ውስጥ አንዲት የሰዓት ጥርስ፣ ከሰዓት ሆድ የምትወጣ ደቃቅ ጥርሳም ጎማ፣ አወጣች፤ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተቻት።

*

«በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ይጠንቀ…»

ምራቲቱ ቃሏን ሳትጨርስ መርማሪዋ ግንባሯን ከመቃኑ አላተመችው።

«ይሄንን በር ሳይሳለም የሚገባ እንግዳ የለም» አለች ምራቲቱ። ቀልድ ነበር፤ ፊቷ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው።

ክፍሉ ሰዓት ሠሪው የሚሠሩበትም የሚተኙበትም ነበር። መስኮቱ ሥር የሥራ ጠረጴዛቸው፣ በወዲያኛው ጥግ አልጋቸው፣ ከአልጋው ራስጌ ደግሞ ወደ ታላቅ እህታቸው ክፍል የሚያስገባ ጠባብ በር። ግድግዳው በሰዓት ተሸፍኗል። ሟች በየጠዋቱ ይሞሏቸው ነበር፤ ከሞቱ ወዲህ ግን ሊነካቸው የደፈረ የለም።

«አንድ በአንድ እየቆሙ ነው» አለች ምራቲቱ። «ትናንት ያኛው ቆመ። ዛሬ ደግሞ ይሄ። አንዱ ጸጥ ባለ ቁጥር ሌላ ሰው የሞተ ይመስለኛል። እቃዬን ጠቅልዬ በወጣሁ እላለሁ፤ ልጄን ይዤ ወዴት?»

በመስኮቱ ባሏ ይታያል። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አባቱ ሲሞቱ ሩቅ መንገድ ላይ ነበር። አሁን ግቢው ውስጥ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ መሬቱን ይጭራል። ከቀብር ወዲህ ሚስቱን ቀና ብሎ አላያትም።

«ለምን ጎተትሻቸው?» አለች መርማሪዋ።

«ሐኪም ቤት ልወስዳቸው ነዋ! ሲያነክሱ ሰነበቱ። ‹ወለምታ ነው፣ አትጨቅጭቂኝ› ይላሉ። ሌላ ሰው ቢሆኑ እተው ነበር። ስኳር ያለበትን ሰው ግን የገዛ እግሩ አይነግረውም። አንዴ ምስማር ጫማቸውን በስቶ ገብቶ ሲራመዱበት ውለዋል እኮ! ካልሲያቸው በደም ርሶ ያየሁት እኔ ነኝ።»

«ከዚያ ወዲህስ ተጠነቀቁ?»

«ተጠነቀቁ ብቻ? ጫማ ማድረጋቸው ራሱ ቲያትር ሆነ። ገልብጠው ከጠረጴዛው እግር ጋር ያንኳኩታል፣ እጃቸውን ከተው ይዳብሱታል፣ በዚያ በሰዓት ማያ መነጽራቸው ውስጡን ያያሉ። ልጄ ‹አያዬ ጫማው ውስጥ ሌባ ይፈልጋል› ትላለች።»

መርማሪዋ ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ከፊቷ ላይ ወረደ፤ እጇም ወደ ኪሷ ሄደ።

«‹ጋሽ ብረቱ› የሚለው ስምስ ከየት መጣ?»

«አምና የአጥንት ጥንካሬ ሲለካ ሄደው ነበር። ወፍራም ነው፣ ጤነኛ ነው አሏቸው። ቤት ሲገቡ፣ ‹እናንተ ዝገቱ፣ እኔ ብረት ነኝ!› አሉ። በቃ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሽ ብረቱ አላቸው።» በመስኮቱ ወደ ባሏ አየች። «እኔ እጄን አላነሳሁባቸውም። ያመነኝ ግን የለም። የልጄ አባት እንኳ አላመነኝም።»

*

የሟች ታላቅ እህት፣ ቤቱ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው፣ ሳሎን ውስጥ በነጠላ ተጠቅልለው ነበር። የልጅቷን ቀሚስ ጫፍ እየተረተሩ መልሰው ይሰፋሉ፤ እጃቸው ሥራ ካላገኘ አያርፍም።

«ወንድሜን ያሳደግሁት እኔ ነኝ» አሉ። «እናታችን ስትሞት ጡት አልጣለም ነበር። ሲያስነጥስ እንኳ ቀድሜ የምነቃው እኔ ነኝ።»

«ሲሞቱ የት ነበሩ?»

«ክፍሌ። ጋደም ብዬ።»

«ክፍልዎ ከእሳቸው ክፍል ጋር በበር ይገናኛል። ሲወድቁ አልሰሙም?»

«ጆሮዬ ደክሟል፣ ልጄ።»

ግቢው ውስጥ ልጅቷ ለአሻንጉሊቷ በሹክሹክታ «በርዶኛል» አለቻት። እትዬ መርፌውን አስቀምጠው፣ «ያቺ ልጅ ብርድ ላይ ናት» ብለው ሊነሱ ሲሉ ከመርማሪዋ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ተመልሰው ተቀመጡ።

«ለምን ሐኪም ቤት አልሄዱም ወንድምዎ?»

«ሐኪም ቤት!» የአሮጊቷ ፊት ተኮማተረ። «አባታችን በሁለት እግሩ ሄዶ በአንድ እግሩ ነው የተመለሰው። ያው ስኳር ነው። ጣቱ ላይ ቁስል ነበረች፤ ይቺን የመርፌ ራስ የምታህል። መጀመሪያ ጣቱን ቆረጡ፣ ከዚያ እግሩን፣ ከዚያ እኛ ቀበርነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል።»

«ምራታቸው ገድላቸዋለች ብለው ያምናሉ?»

ክሩ ከመርፌው ወጣ። እትዬ ሊያስገቡት ሞከሩ፣ አቃታቸው።

«ያላየሁትን አልናገርም።»

«አልገደለችም ማለት ግን ይቻላል፣ እትዬ። ነገ ሊወስዷት ነው።»

«ራሴን አዞረኝ» አሉ እትዬ። «ልተኛ።» ግድግዳውን ተደግፈው ወጡ።

ብዙም አልቆየ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ሳሎኑ ቢጫ ሆኖ ሳለ፣ ከግድግዳው ማዶ ተሰማ። ኳ። ዝምታ። ኳ። የምርኩዝ ድምፅ ነው፤ የሚቸኩልበት የሌለው ሰው አካሄድ። ምራቲቱ እየሮጠች ገብታ ልጇን አቀፈች።

«ሰሙ? ከተቀበሩ ጀምሮ ነው። ከሥራ የሚነሱበት ሰዓት ነው። የእሳቸው ምርኩዝ ነው!»

ሹፌሩም በሩ ላይ ቆሟል። ያን የሚያህል ወንድ ፊቱ አመድ መስሏል። «ቁልቁለት ላይ የመኪናዬ ባሌስትራ ሲሰበር ያልፈራሁ ሰውዬ» አለ ለራሱ።

መርማሪዋ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ድምፁ ከመስኮቱ፣ ከሥራ ጠረጴዛው ተነሳ። ክፍሉን አቋረጠ። በሩ ጋ አልደረሰም፤ ደረጃው ጋም አልደረሰም። አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥታ።

ሮጣ ስትገባ ክፍሉ ባዶ ነው። ምርኩዙ የአልጋው ራስጌ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ገና ይወዛወዛል። የአልጋ ልብሱ ላይ ሰው የተቀመጠበት ጎድጓዳ አለ። መዳፏን አሳረፈችበት፤ ይሞቃል።

*

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ልታማክራት የሄደች የአጥንት ሐኪም የሟችን የራጅ ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፤ ስትናገር ቃል አታባክንም።

«ማነው ይሄንን አዲስ ስብራት ያለው?»

«አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም።»

«ልጅ ነው፣ ይማራል። ጫፉን እዪው፣ ዳመና የመሰለ ነገር አለ። አጥንት ራሱን ሊጠግን ሲሞክር ነው። ሙት ደግሞ አይጠግንም። ይሄ ሰው ከመሞቱ ቀደም ብሎ የተሰበረ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ቶሎ አይጠግንለትም፤ ስለዚህ ከምናስበውም በፊት ሊሆን ይችላል።»

«ተሰብሮ ይራመዳል?»

«የተሰበሩት ጫፎች እርስ በርስ ከተነካከሱ አዎ። ነርቩን ስኳር ካደነዘዘው ደግሞ ሕመሙ እንደ ወለምታ ብቻ ሊሰማው ይችላል።»

«አጥንቱ ግን ወፍራም ነው ተብሎ ነበር።»

ሐኪሟ ፊልሙን አስቀመጠች። «ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። መለኪያው ምን ያህል አጥንት እንዳለ ያያል፤ ምን ዓይነት እንደሆነ አያይም። አጥንት ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ እንደ ክር የሚለጠጥ ነገር አለው። ስኳር ለዓመታት ደም ውስጥ ሲበዛ ያንን ክር ያደርቀዋል። ላይ ላዩን ወፍራም ነው፤ ግን እንደ ደረቀ እንጨት ቀጭ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ከወንበር ሲነሳ ተደናቅፎ ወለሉ ላይ ዘፍ ቢል ይበቃዋል።»

«ታዲያ ምን ገደለው?»

«ከሳንባው ያስቀሩትን ቁራጭ አሁን ነው ያየሁት፤ የረጋ ደም ዘግቶታል። ከእግሩ የተነሳ ነው። በራሱም ሊነሳ ይችላል። ነገር ግን ጭኑ ላይ ያለው ብልዘት የዱላ አይደለም፤ ረጃጅም ነው፣ ወደ ላይ የተሳበ፣ የጣት። አንድ ሰው ያንን የተሰበረ እግር በሙሉ ኃይሉ አሽቶታል።»

*

መርማሪዋ ሁሉም በሟች ክፍል እንዲሰበሰቡ አደረገች። ልጅቷ ጎረቤት ተላከች። ከአጥሩ ውጭ አለቃው የላከው መኪና ቆሟል፤ ሁለት ፖሊሶች ምራቲቱን ሊወስዱ ይጠብቃሉ። ትንሽ ሻንጣ አዘጋጅታለች፤ ግማሹ የልጇ ልብስ ነው፣ ማን እንደሚያለብሳት እንኳ ሳታውቅ አጣጥፋዋለች።

ሹፌሩ መስኮቱ ጋ፣ እትዬ አልጋው ጠርዝ ላይ። መጨረሻ የመጣው የሰፈሩ ወጌሻ ነው፤ የእጁን መዳፍ የሚያህል የለም፣ «ባለ እጁ» ይሉታል።

«እኔን ለምን ጠሩኝ፣ እመቤቴ?» አለ ወደ ውጭ ዞሮ ለፖሊሶቹ ሰላምታ እየሰጠ። «ጋሽ ብረቱን በመንገድ ሰላም ከማለት በቀር አላውቃቸውም። ክፍላቸው ገብቼም አላውቅ።» ይህን እያለ፣ ፊቱን እንዳዞረ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ከመቃኑ ሥር ሹልክ አለና ገባ።

መርማሪዋ የራሷን ግንባር ዳበሰች። እብጠቱ ገና አልጠፋም።

«ይቀመጡ» አለችው። «ከምርኩዙ እንጀምር። በየቀኑ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ እዚህ ክፍል ውስጥ ሟች ይሄዳሉ ተብሏል። እኔም ሰምቻለሁ። ግን አንድ ነገር ገረመኝ፤ ሟች ደረጃው ላይ ነው የሞቱት ከተባለ፣ መንፈሳቸው ለምን ወደ ደረጃው አይሄድም? ከጠረጴዛው ተነስቶ አልጋው ጋ ነው የሚቀረው። የሚሄደው መንፈስ አልነበረም፤ አልጋው ሞቆ አግኝቼዋለሁ። ያ ሰው ግን ጋሽ ብረቱ መጨረሻ የሄዱት ከየት ወዴት እንደሆነ ያውቃል።»

ግድግዳው ላይ የቀሩት ሰዓቶች ብቻ ይመታሉ።

«ሁለተኛው ነገር ጫማው ነው።» የሰዓት ጥርሷን መዳፏ ላይ አሳየቻቸው። «ይቺ ከግራ ጫማቸው ውስጥ ወጣች። ጫማ ሳያንኳኩ፣ ሳይዳብሱ የማያደርጉ ሰው ይቺን ረግጠው ደረጃ አይወርዱም። ጫማውን ያደረገላቸው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ከሞቱ በኋላ። ክሩንም አጥብቆ ያሰረው እሱ ነው። እግሩ የታመመ ሰው ክሩን ያላላል።»

«ታዲያ ስብራቱ?» አለ ሹፌሩ።

«ስብራቱ የቆየ ነው። አባትህ የወደቁት ቀደም ብሎ ነው፤ ምናልባት እዚሁ፣ ከወንበራቸው ሲነሱ። አጥንታቸው ወፍራም ነበር፤ ጠንካራ ግን አልነበረም። ስኳሩ ከውስጥ አድርቆታል። ሕመሙንም አደንዝዞባቸዋል። በተሰበረ እግር ሲንከላወሱ ‹ብረት አይሰበርም፣ ወለምታ ነው› ተባለ። ሚስትህ ብቻ አልተቀበለችም። የጎተተቻቸው ልታድናቸው ነው፤ እሳቸው መቃኑን የያዙት ሐኪም ቤት ላለመሄድ ነው። በዚያው ቀን እሷ ስትወጣ ወጌሻ ተጠራ።»

«ማን ይላል?» ባለ እጁ ተነሳ። «እኔ እዚህ ቤት እግሬን…»

«አንገትዎ ይላል። ይሄ በር እንግዳን ሳይመታ አያሳልፍም። እርስዎ ሳያዩት ጎንበስ አሉለት።»

ወጌሻው በሩን አየው። ከዚያ የገዛ እጆቹን። እየተቀመጠ ያነሰ መሰለ።

«ብረት ነው ብለውኛል» አለ። «ተለክቷል ብለውኛል። ስነካው ቀጭ ሲል መገጣጠሚያው የተመለሰ መሰለኝ። ‹አይዞህ በርታ› አሉኝ እሳቸው ራሳቸው፤ ብዙም አላመማቸው። በረታሁ። ድንገት ‹አየር› አሉ። አየር ብለው… ዓይናቸው ቀረ።» ትከሻው ላይ በጣለው ጨርቅ ፊቱን ሸፈነ። «ያኔ ወደቁ እንበል ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ገደለ ከተባልኩ ማን እጄን ያምነዋል?»

«ብቻዎን ግን ደረጃው ድረስ አልተሸከሟቸውም» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ።

ሹፌሩ ዞረ። «እትዬ?»

«እኔ ነኝ። ወጌሻውን የጠራሁትም፣ እግሩን የያዝኩትም፣ ጫማውን ያደረግሁለትም።» ድምፃቸው ጠርቷል። «ከጠረጴዛው ሲነሳ ወደቀ። ‹እትዬ እንዳትናገሪ› አለኝ። እኔ እንደምናገር! እግሩን ሊቆርጡት ነው ብዬ አበድኩ። እንደ አባታችን በአንድ እግሩ ሊመጣ ነው ብዬ። ይቺ ልጅ ‹ሐኪም ቤት፣ ሐኪም ቤት› ባለች ቁጥር ጠላቴ መሰለችኝ። ከሞተ በኋላ በየቀኑ ያቺን መንገድ ሄድኳት፤ ከጠረጴዛው አልጋው። የቱ ጋ ብናገር ይድን ነበር እያልኩ።»

«ሊወስዷት ሲመጡስ?» ሹፌሩ ጮኸ። «እሷን ሊወስዷት ሲመጡስ ምን ልትይ ነበር?»

እትዬ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ።

ሹፌሩ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ እሷ ግን አላየችውም። ሻንጣዋን አንስታ ልትከፍት ነበር፣ የልጇን ልብስ ልታወጣ። እጇ መያዣው ላይ ቀረ።

መርማሪዋ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች። ወጌሻው ቀድሞ ወጣ፤ በሩ ጋ ጎንበስ ማለቱን ረስቶ ግንባሩን ተመታ፣ ግን ዞር ብሎ አላየውም። እትዬ ተከተሉ። ከአልጋው ሲነሱ ነጠላቸው ተንሸራተተ፣ ምራቲቱም የቀኝ ቁርጭምጭሚታቸውን አየች። አብጦ ከጫማው ተርፎ ፈሷል፤ ሰማያዊ ሆኗል።

«እትዬ፣ ምንድነው ይሄ?»

«ምኑ?» እትዬ ወደ እግራቸው አዩ፣ የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ ሰው። «ያን ዕለት ስንሸከመው… ትንሽ ታጠፈብኝ። አያመኝም።»

«አያምዎትም!» ምራቲቱ ሻንጣውን ጥላ ደረሰች። በአንድ እጇ ክንዳቸውን፣ በሌላው ወገባቸውን ያዘች። «ክብደትዎን እኔ ላይ ይጣሉ። እግርዎን እንዳይረግጡት።»

«ልጄ፣ አንቺን ሊወስዱሽ ነበር እኮ። ዝም ብዬ እኮ ነበር።»

«አውቃለሁ። ደረጃው ነው፣ ቀስ ይበሉ።»

መኪናው ጋ ሲደርሱ ፖሊሱ በሩን ከፈተ። ምራቲቱ አልለቀቀቻቸውም።

«መጀመሪያ ሐኪም ቤት» አለችው።

እትዬ ቆሙ። እጃቸው የመኪናውን በር ጨብጦ ያዘ፣ ጣቶቻቸው ነጡ። ምራቲቱ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ሳትጎትት፣ እንደ ሕፃን ጣት አላቀቀቻቸው።

«አብሬዎት እገባለሁ» አለቻቸው። «ማንም ቢላ ይዞ ቢመጣ መጀመሪያ እኔን ነው የሚያገኘው።»

ሹፌሩ ልጅቷን ከጎረቤት አምጥቶ በሩ ላይ አቅፏት ቆሟል። እናትየው ከመኪናው መስኮት፣ «አብላት!» አለችው። «ሹራቧንም አልብሳት፤ ይመሻል።»